ሃያ ሚሊ

በ1974 ዓ.ም. የነሐሴ ዝናብ ቦንጋን ሳያቋርጥ ሲደበድብ በሰነበተበት ሳምንት፣ ከጅማ የተነሣ አንድ የጭነት መኪና ሁለት ቀን ጭቃ ይዞት መንገድ ላይ አድሮ በመጨረሻ የውኃ ሥራው መሥሪያ ቤት ግቢ ደረሰ። የጫነው ስድስት የእንጨት ሣጥን ነበር። በሣጥኖቹ ውስጥ ከተማው ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው የኖረ መቶ ሃያ የቧንቧ መክፈቻ አለ።

ውኃው ከላይ ከጫካው ምንጭ ተጠልፏል። ቧንቧው በየሰፈሩ ተዘርግቷል። አሥራ አራቱ ቦኖዎች በሲሚንቶ ተገንብተው አልቀዋል፤ ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው በአጠገባቸው ሲያልፉ ደረቁን ብረት ጎንበስ ብለው ያዩታል። የቀረው መክፈቻው ብቻ ነበር። ምርቃቱም ለአብዮት በዓል፣ ለመስከረም ሁለት ተቆርጧል።

ዕቃውን ያዘዘችው የመሥሪያ ቤቱ የግዥ ሠራተኛ ትርሐስ ናት። የዓዲግራት ልጅ ነች፤ ዕድሜዋ ሃያ ሰባት፤ አዲስ አበባ በንግድ ትምህርት ዲፕሎማ ተቀብላ ቦንጋ ከተመደበች ሁለት ዓመት አልፏታል። ጃንጥላ ይዛ ሣጥኑ ሲከፈት ቆማ ታያለች። የሚከፍተው ሣህሌ ነው። ሣህሌ የከፋ ተወላጅ፣ ሃምሳ ዓመት የተጠጋ፣ ሙያውን ከሚሲዮን ግንበኞች የለመደ የመሥሪያ ቤቱ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። አንዱን መክፈቻ አወጣ፣ ገለባውን አራገፈለት፣ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ አፍ አስጠግቶ አዞረው። አውጥቶ አየው። እንደገና አዞረው።

«አንገቱ ወፍራም ነው» አለ። «አፉ ውስጥ አይገባም።»

«እስቲ ሌላ ይሞክሩ፣ ጋሽ ሣህሌ።»

ሌላ ሞከረ። ከሁለተኛው ሣጥን፣ ከሦስተኛውም አወጣ። ሁሉም ያው ነው። ሣህሌ እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ትርሐስ ልጄ፣ የኛ ቧንቧ ግማሽ ኢንች ነው። ይኼ የመጣው ሦስት አራተኛ ነው።»

ትርሐስ ማን እንደተሳሳተ ለማወቅ ፋይል ማገላበጥ አላስፈለጋትም። ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ሲወርድ ትሰማዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ መክፈቻውም፣ መታጠቢያውም፣ ቧንቧውም ከጣሊያን ነበር የሚመጣው፤ የሚለካውም በኢንች። ከለውጡ ወዲህ ግን የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፣ ግዥውም ወደ ሶሻሊስት አገሮች ዞረ። አምና ከጅማ የተላከላት የማዘዣ ቅጽ በአዲስ መልክ የተዘጋጀ ነበር፤ ኢንች የሚል ነገር የለበትም፤ «መጠን በሚሊ ሜትር» ይላል እንጂ። ካታሎጉም አሥራ አምስት፣ ሃያ፣ ሃያ አምስት ብሎ ይደረድራል። የምትጠይቀው ሰው አልነበረም፤ ሣህሌ በዚያ ሰሞን ጫካ ውስጥ ቧንቧ ሲዘረጋ ነበር። ስለዚህ ከግምጃ ቤት አንድ ቁራጭ ቧንቧ አስወጥታ በማስመሪያዋ ለካችው። ከዳር እስከ ዳር ሃያ አንድ ሚሊ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ሃያ ብላ ጻፈች። ፈረመችም።

አሁን ምርቃቱ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አምና በሌላ ክፍለ ሀገር አንድ የድልድይ ተቆጣጣሪ ሲሚንቶ ተበላሸበት ተብሎ እንደታሰረ በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ሲነገር ሰምታለች። ስህተት የሚለውን ቃል ማንም አላነሳም ነበር፤ የተነሳው ቃል አሻጥር ነው። እሷ ደግሞ የትግራይ ልጅ ናት። ወንድሟ ደብዳቤ ካቋረጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የት እንደገባ አታውቅም፤ ለመጠየቅም አትደፍርም። መቶ ሃያ የማይገጥም መክፈቻ ከዚህ ጋር ተደምሮ በአንድ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል ታወቃት።

«እኔ ያየሁት ነገር የለም» አለ ሣህሌ፣ ፊቷን አይቶ።

«አይበሉ ጋሽ ሣህሌ። በኋላ እርስዎን ነው የሚጠይቁት።» መክፈቻውን ከእጁ ተቀበለችና «መላ የለውም?» አለችው።

«መላ አለው። መቀነሻ የምትባል አለች። ባንድ ጫፏ ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ የሆነች አጭር ብረት። ሰፊው መክፈቻውን ይቀበላል፣ ጠባቡ ቧንቧው ውስጥ ይገባል። በሷ ይገጠማል። ግን ከየት ይመጣል? በግምጃ ቤታችን አንድም የለ።»

በማግስቱ ትርሐስ አንዱን መክፈቻ በጋዜጣ ጠቅልላ ገበያው ዳር ወዳለው የኸይረዲን ሱቅ ሄደች። ኸይረዲን ከስልጤ አገር መጥቶ ቦንጋ ሱቅ ከከፈተ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ምስማር፣ ማጠፊያ፣ ቆርቆሮና የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ያን ቀን ከመደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነበር። ሚስቱ አሚናት ከጓዳው በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

ኸይረዲን መክፈቻውን ተቀብሎ በእጁ መዘነው፣ በምስማር ጫፍ ሥሩን ጫር አደረገው።

«ላዩ ነጭ ተቀብቶ ነው እንጂ ውስጡ ነሐስ ነው። ደህና ዕቃ ነው። የጀርመን መሆን አለበት፣ የምሥራቁ።»

«አዎ፣ ጋሽ ኸይረዲን። ግን ትልቅ ሆነብን።»

«ስንት ብላችሁ አዘዛችሁ?»

«ሃያ ሚሊ።»

ኸይረዲን ራሱን ነቀነቀ። «ሚሊው የሚነገረው የውስጡ ነው፣ የኔ ልጅ፤ ውኃው የሚሄድበት። ግማሽ ኢንች ማለት አሥራ አምስት ነው። ከውጭ ከለካሽው ሃያ አንድ ይወጣል፤ ያ የብረቱ ውፍረት ተጨምሮበት ነው።»

ዓመት ያስቆጠረው ስህተቷ በሦስት ዓረፍተ ነገር ተብራርቶ አለቀ። ትርሐስ ወንበር ሳታስፈቅድ ተቀመጠች።

«ድሮ ይኼ ጣጣ አልነበረም» ቀጠለ ኸይረዲን፤ የንግድ ነገር ሲነሣ ይቀናዋል። «የጣሊያኑ ዕቃ በምጽዋ ይገባል፤ እኔ መርካቶ ወርጄ በደርዘን ገዝቼ እመጣለሁ። የሱዌዝ ቦይ ሲዘጋ ዋጋው ወጣ። ሲከፈት ይወርዳል ስንል ለውጡ መጣ። አስመጪዎቹ ገሚሱ ተወረሰ፣ ገሚሱ አገር ለቀቀ። አሁን እዚህ ማንኪራ ጫካ የተለቀመ ቡና በመርከብ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ይሄዳል፣ በምትኩ ሞተርና ቧንቧ ይመጣል። ገበያው ዞረ። ገበያ ሲዞር ደግሞ መለኪያውንም ይዞት ነው የሚዞረው።»

«መቀነሻ ይኖርዎታል?» አለች ትርሐስ። «ከሦስት አራተኛ ወደ ግማሽ።»

የኸይረዲን ፊት ወዲያው ተዘጋ። መክፈቻውን በጋዜጣው መልሶ ጠቀለለና ሰጣት።

«የለኝም።»

«ጥቂትም ቢሆን?»

«የለኝም አልኩሽ፣ የኔ ልጅ። እንኳን መቀነሻ፣ የሚሸጥ ምስማርም የለኝ።»

አሚናት ከምስሩ ላይ ቀና ብላ ባሏን አየችው፤ ከዚያ መልሳ አጎነበሰች። ትርሐስ አይታታለች፤ ግን ምን ትላለች? ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣች ሴት ነጋዴ ፊት ቆማ «ይኖርሃል» ብላ ብትጫን ምን ተብሎ እንደሚታሰብ ታውቃለች። ከሁለት ዓመት በፊት የጎረቤቱ ሱቅ ተፈትሾ ስድስት ኩንታል ምስማር ተገኘና ዕቃ ደብቀሃል ተብሎ በሩ ታሽጎ ቀርቷል። አመስግናው ወጣች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ኃይለሚካኤል ቢሮ ገባችና ሁሉንም ነገረችው። ኃይለሚካኤል ክፉ ሰው አልነበረም፤ አራት ልጆች ያሉት፣ ጡረታው የተቃረበ፣ ከማንም ጋር መጋጨት የማይወድ ሰው ነው። ሰምቷት ሲያበቃ ተነሥቶ በሩን ዘጋው።

«ከመሥሪያ ቤቱ ማን ያውቃል?»

«ጋሽ ሣህሌና እኔ።»

«ልኬቱን የሰጠሽ ማነው?»

«ማንም። እኔው ራሴ ነኝ የለካሁት።»

ኃይለሚካኤል መስኮቱ ጋ ሄደ። «ስሚኝ ትርሐስ» አለ ሳይዞር። «ቧንቧ ሠራተኛ እያለ የግዥ ሠራተኛ ልኬት ወሰደች ቢባል ማን ያምናል? ልኬቱን ሣህሌ ነው የሰጠኝ ብትዪ፣ ሣህሌ ያልተማረ ሰው ነው፣ የአገሩ ልጅ ነው፣ ተቆጥተው ይተዉታል። አንቺ ግን…» ጨርሶ አልተናገረውም። መጨረስም አላስፈለገው።

እውነት ለመናገር፣ ትርሐስ ምክሩን አሰበችበት። አንድ አፍታ ብቻ አይደለም፤ ከቢሮው ወጥታ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ፣ ብዕሯን ይዛ ጭምር አሰበችበት። ደግሞም ያለው ሐሰት አልነበረም፤ ሣህሌን ይተዉት ይሆናል። ይሆናል ነው እንጂ። በመስኮቱ ስታይ ሣህሌ ጣሪያ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ መክፈቻው ሲመጣ መጋጠሚያው ላይ ሊጠመጥመው ያዘጋጀውን ቃጫ አንድ ባንድ እየገመደ ያስቀምጣል። «ልኬቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ የቧንቧውን ውጭ ለክቼ ሃያ ብዬ አዘዝኩ፤ ሌላ ሰው አልነበረበትም» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ኃይለሚካኤል ወረቀቱን አንብቦ አጠፈና ኪሱ ከተተው። ወደ ቴሌ ሄዶ ጅማ ደወለ። የጅማው መልስ አጭር ነበር፤ ሐሙስ ሰው እንልካለን፤ ዕቃውን ማንም እንዳይነካው።

የዚያን ሳምንት ትርሐስ ምግብ አልዋጥ አላት። ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ አንድ ጋቢ፣ ሳሙናና ቅያሪ ልብስ በከረጢት አዘጋጀች፤ ታሳሪ ምን ይዞ እንደሚሄድ በዚያን ዘመን የማያውቅ አልነበረም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እሷም መድረሱን ብቻ ትጠብቅ ጀመር።

ረቡዕ ወደ ማታ ገደማ በሯ ተንኳኳ። አሚናት ነበረች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና ትርሐስ ያቀረበችላት በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ሣህሌ ከኛ ሱቅ መጥቶ ነበር» አለች። «አለቃችሁ ‹ልኬቱን አንተ ነህ የሰጠኸው?› ብሎ ጠይቆት፣ ግራ ገብቶት። ኋላ ግን ‹ትርሐስ በራሷ ስም ፈርማለች› አሉት። ያንን ሲነግረን እንባው ይወርድ ነበር።»

ትርሐስ ወደ በሩ አይታ ቀረብ ብላ ተቀመጠች።

«ኸይረዲን መጥፎ ሰው አይደለም፣ ልጄ። ፈርቶ ነው። መቀነሻው አለ። ሁለት ጆንያ ሙሉ። ከለውጡ በፊት አንድ የቡና እርሻ የነበረው ግሪካዊ ለቡና ማጠቢያው ብሎ አሳዘዘው፤ ዕቃው ሲደርስ እርሻው ተወርሶ ሰውየው አገሩ ሄዷል። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ‹ስንት ነው?› ብሎት አያውቅም። ጎረቤታችን ሱቅ የታሸገ ጊዜ ደግሞ ከእህሉ ሥር ከተተው። አሁን አወጣዋለሁ ቢል፣ እስከ ዛሬ የት ነበር ይሉታል። ሌሊት መንገድ ዳር ልጣለውና ማንም ያግኘው ይላል።»

«አይጣሉት» አለች ትርሐስ። «ነገ ሰው ይመጣል። ስም ሳልጠራ እጠይቀዋለሁ። እሺ ካለ ወረቀት አጽፌ አመጣለሁ። እሺ ካላለ እርስዎ እኔ ዘንድ አልመጡም፤ እኔም አልሰማሁም።»

አሚናት ተነሣች። ከወገቧ ትንሽ ጥቅል ፈታ ቂጣና የማር ወለላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችላት። «ብዪ እንግዲህ። ባዶ ሆድ ፍርሃት ያበዛል።»

ሐሙስ ከቀትር በፊት አንድ ላንድሮቨር እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሶ ግቢው ገባ። የወረደው በዛብህ የሚባል የጅማው የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ቀጭን፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ መነጽሩ በክር የታሰረ ሰው። ወታደር አብሮት አለመኖሩን ትርሐስ ሁለት ጊዜ አየች። በዛብህ ሰላምታ ሰጥቶ ቀጥታ ወደ ሣጥኖቹ ሄደ፤ ከኪሱ የብረት መለኪያ አውጥቶ አንዱን መክፈቻ ለካ፣ ቧንቧውንም ለካ፣ ከውጭም ከውስጥም። ከዚያ ቢሮ ገብቶ የማዘዣ ቅጹንና የትርሐስን ደብዳቤ ጎን ለጎን ዘርግቶ አነበበ። ኃይለሚካኤል በር ሥር ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

«በምን ለካሽው?» አለ በዛብህ።

«በማስመሪያ።»

«ከውጭ።»

«አዎ፣ ከውጭ።»

«ቅጹ ላይ ከውስጥ ይለካ የሚል የት አለ?»

ትርሐስ ወረቀቱን አየች። የሚያጠምዳት ጥያቄ መስሏት ከላይ እስከ ታች ደግማ አነበበችው። «የለም» አለች በመጨረሻ።

«የለም» አለ በዛብህም። መነጽሩን አወለቀ። «አንቺ ሦስተኛዋ ነሽ። በዚህ ወር ብቻ በሌሎች ሁለት አውራጃዎች ይኸው ሆኖ ደርሻለሁ። አንዱ ለጤና ጣቢያ መታጠቢያ ነው ያዘዘው፣ ሌላው ለትምህርት ቤት። ሁለቱም ልክ እንዳንቺ ከውጭ ለክተው ሃያ ብለዋል። ይኼን ቅጽ ከኢንች ወደ ሚሊ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ አንድ መስመር ማብራሪያ ጎደለው። ለኔ ግልጽ ስለነበረ ለሁሉም ግልጽ መሰለኝ።»

መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«እዚያ የመጀመሪያው ቦታ» አለ በዛብህ ቀስ ብሎ፣ «ስደርስ ሰውየው ሁለት ሌሊት ታስሮ አገኘሁት። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ጽፌ አስፈታሁት። ከዚያ ወዲህ በየመንገዱ የማስበው ሳልደርስ ሌላ ሰው እንዳይገባ ነው። በቀደም ያንቺ ደብዳቤ በስልክ ሲነበብልኝ፣ ማንም ላይ አለማላከክሽን ስሰማ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።»

ትርሐስ ረጅም ተንፍሳ አመሰገነችው። ነፍሷ መለስ አለች ማለት እንዲህ ነው። ኃይለሚካኤልም ሳይጋበዝ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

በዛብህ ግን ገና አልጨረሰም። «ችግሩ ሌላ ነው። መቀነሻ ጅማ የለም። አዲስ አበባ ጠይቄ ስድስት ወር ጠብቁ ተባልኩ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ትርሐስ። «አንድ ነጋዴ ከድሮ የቀረ መቀነሻ ቢኖረው፣ ቢሸጥልን ይጠየቃል?»

በዛብህ ትክ ብሎ አያት። «ደብቆት ነው ወይስ ገዢ አጥቶ?»

«ገዢ አጥቶ። ስምንት ዓመት።»

«ገዢ ያጣ ዕቃ የተደበቀ አይባልም» አለ። ወረቀት ሳበና እዚያው ጻፈ፤ ዕቃው በመሥሪያ ቤቱ ጥያቄ ለቦኖ ሥራ የቀረበ መሆኑን፣ ነጋዴውም ተባባሪ መሆኑን ገለጸ፤ ፈረመበት፣ ኃይለሚካኤልም ማኅተም መታበት። የስሙ ቦታ ክፍት ነበር። «አንቺ ሙዪው» ብሎ ሰጣት።

ትርሐስ ጃንጥላዋን ረስታ ነው ገበያው ዳር የደረሰችው። ኸይረዲን ወረቀቱን ተቀብሎ አንዴ አነበበ፣ ወደ በሩ ብርሃን ወጥቶ ደግሞ አነበበ፣ ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ሳይናገር ወደ ጓዳ ገባ። የእህል ጆንያ ሲጎተት ተሰማ። ሲመለስ አቧራ የለበሰ አንድ ጆንያ በትከሻው ተሸክሞ ነበር፤ ሁለተኛውን አሚናት ከኋላ እየገፋች አወጣችው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ጆንያውን ከትርሐስ እግር ሥር ሲያሳርፍ። «ከዚህ ዕቃ ጋር ስምንት ዓመት ስተኛ፣ አልጋዬ ሥር እባብ ያለ ይመስለኝ ነበር።»

መቀነሻው ዘጠና አራት ሆነ። ለአሥራ አራቱ ቦኖ፣ ለከተማው ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤትም በቅቶ ጥቂት ተረፈ፤ ያልተገጠሙት መክፈቻዎች ለወደፊት ተብለው ግምጃ ቤት ገቡ። ሣህሌ ዘጠኝ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሠራ። የዛገውን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ እየፈተገ፣ ቃጫውን እየጠመጠመ፣ ቀለም እየቀባ ገጠመው። ትርሐስ ከቢሮ ስትወጣ እየሄደች መፍቻ ታቀብለዋለች። ሥራዋ አልነበረም፤ ግን ቤቷ መቀመጥ አልቻለችም።

ከምርቃቱ አራት ቀን ቀድሞ ለሙከራ ውኃው ተለቀቀ። ሣህሌ ከላይ ያለውን ማገጃ ሊከፍት ወደ ጫካው ወጣ፤ ትርሐስ ከታች፣ ከከተማው ጫፍ ባለው የመጨረሻው ቦኖ ቆማ ጠበቀች። ኸይረዲንና አሚናትም መጥተዋል። ሦስት አራት ሴቶች እንስራቸውን መሬት አስቀምጠው ይመለከታሉ። መክፈቻው መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ተፋ፤ አስሎ፣ ቀይ ጭቃ ውኃ ወረወረ፤ ከዚያ ቆመ። ትርሐስ መክፈቻውን እስከ መጨረሻው አዞረችው። ሲመለስ ውኃው ጠርቶ፣ ወፍሮ፣ የሲሚንቶውን ገንዳ እየመታ ወረደ።

ኸይረዲን ጎንበስ ብሎ የመጋጠሚያውን ዙሪያ በጣቱ ዳሰሰው። «አያንጠባጥብም» አለ። ጣቱን ለሚስቱ አሳያት። «ደረቅ ነው፣ እይ።»

አንዷ ሴት እንስራዋን ገፋ አድርጋ ከሥሩ አኖረችና ወደ ትርሐስ ዞረች። አማርኛዋ ሰባራ ነበር፤ «ይኼ ነገ ይዘጋል?» ብላ ጠየቀች፣ ለምርቃቱ ተብሎ እንደሆነ ለማወቅ።

«አይዘጋም» አለች ትርሐስ። «ቅጂ።»

ሴትየዋ መቅዳት ጀመረች። ትርሐስ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ቀሚሷ እየራሰ መሆኑን አላስተዋለችም። አሚናት አጠገቧ መጥታ ስትቀመጥ፣ ሁለቱም እንስራው እስኪሞላ ተመለከቱ።

«ዛሬ እኛ ዘንድ ነሽ» አለች አሚናት ቆይታ። «ሣህሌም ከጫካ ሲወርድ ይመጣል። ከዚያ ማታ ወዲያ እህል ቀምሰሻል?»

«ቂጣውን በልቼዋለሁ» አለች ትርሐስ፤ ከዚያ ሳቋ መጣ። የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ግን ሳቁ አልቆም ብሏት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ከአሚናት ጋር ወደ ሽቅቡ መንገድ ተነሣች።